ዲዴሳ ጥቁር ይወዳል

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለዋጋሪ ጃራ፤

አካም ጅርታ? ፈያዳ? ነጋዳ? እኔም፣ እናትህ በቀለችም፣ ጎረቤቱም ከብቱም የሰማይ አባታችን ይመስገንና ደኅና ነን። ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለን የለም።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ዕለት ደረሰችኝ። «የመሐንዲስነት ትምህርት ተፈቀደልኝ» የምትለዋን መስመር ለእናትህ ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። በአራተኛው እሷው በቃሏ ይዛ በኦሮምኛ ለጎረቤት ታደርስ ጀመር። እኔማ ከእሷ ብሼ አረፍኩት፤ ቅዳሜ ገበያ በሬ የሚገዛኝንም የማይገዛኝንም እያስቆምኩ ነገርኩ። «መሐንዲስ ምን የሚሠራ ሰው ነው?» ላለኝ ሁሉ «ወንዝ የሚያሸንፍ» ብያለሁ። ተሳስቼ ከሆነ አርመኝ፤ ገበያው ግን አምኗል።

አባትህ ጃራ ሲያርፍ አንተ ገና ጡት አልጣልክም ነበር። በቀብሩ ማግስት እህቴን «የዚህ ልጅ ነገር ለእኔ ይሁን» አልኳት። በእኛ ዘንድ የእናት ወንድም፣ ኤሱማ፣ ምርቃቱም እርግማኑም የሚደርስ ሰው ነው። ከበደሌ በሬ ገዝተን፣ የዲዴሳን ወንዝ በመልካው፣ በመሻገሪያው፣ አሻግረን፣ የአርጆን ዳገት ወጥተን ነቀምቴ ስናስገባ ስንት ጊዜ እግርህ ቆሰለ! ያ የቆሰለ እግር ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ለአናጺው ሰፊ የዋንዛ ጠረጴዛ አዝዣለሁ፤ ንድፍህን የምትዘረጋበት። በፊት ለፊቱ ክፍል መስኮቱ ሥር ይጠብቅሃል። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ስትመረቅ መጀመሪያ የምትሠራው ድልድይ በእኔ መልካ ላይ ይሁን። በሬዎቼ እግራቸው ሳይርስ ሲሻገሩ አይቼ ልሙት።

ያሳድግህ፣ ስምህን ያስጠራው።

አጎትህ ጨመዳ ነመራ፣ የከብት ነጋዴ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ኤሱማ ለአቶ ጨመዳ ነመራ፤

አካም ጅርቱ? እናቴስ እንደምን ሰነበተች? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ወር አልፎታልና ይቅር ይበሉኝ። ትምህርቱ ፋታ አይሰጥም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መስመር እናሰምራለን። ስለ ጠረጴዛው በጣም አመሰግናለሁ፤ ግን አናጺው ገና ካልጀመረው ብዙም አያስፉት።

ጉራቻ እንዴት ነው? ጥቁሩ በሬያችን መንጋውን እንደ ድሮው ፊት ፊት ይመራል? ዘንድሮም ዲዴሳን ሲሻገር ነጩን አቡጀዲ ያለብሱታል? እዚህ ላሉት ጓደኞቼ በሬ የሚያለብስ አጎት አለኝ ብላቸው አላመኑኝም።

የእርስዎ ልጅ ዋጋሪ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ኤሱማ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። ክረምቱን እዚህ ሥራ አግኝቼ ስለቀረሁ እናቴን ሳላያት ዓመት መድፈኔ ያሳዝነኛል። የየካቲቱ ደብዳቤዬ ደርሶዎ ይሆን? መልስ አላገኘሁም።

ኤሱማ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ የምማረው ሕግ ነው። ለአገራችን ድልድይ ብቻ ሳይሆን ዳኛም ያስፈልጋታል። መምህሮቼም ተስማምተዋል። እርስዎም ይስማሙ ይመስለኛል።

ለእናቴ በደንብ አድርገው ያስረዱልኝ።

ዋጋሪ

ነቀምቴ፣ ኅዳር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለወደፊቱ ዳኛ ለዋጋሪ ጃራ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኛ ደኅና ነን።

ከአምስት ኪሎ ወጥተህ ስድስት ኪሎ ገባህ አሉ። እኔ አርባ በሬ ከበደሌ ስነዳ እንዲህ መንገድ አልቀየርኩም። ይሁን። አንድ ሌሊት ተናድጄ አደርኩ፤ ጠዋት ግን ዳኛ ከመሐንዲስ እንደማያንስ ገባኝ። መሐንዲስ ወንዝን ቢያሸንፍ ነው፤ ዳኛ ሰውን ያሸንፋል። ገበያውም ይህንኑ ተቀብሏል። ጠረጴዛው ግን አልቋል፤ አራት ሰው ነው የተሸከመው። አሁን የዳኛ ጠረጴዛ ነው ብለን በላዩ ላይ ጨርቅ አልብሰነዋል።

ሕግ አዋቂ ከሆንክ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው በአባቱ ልማድ ቢወቀስ፣ ለልማዱም ምክንያት ማቅረብ ባይችል፣ ሕጉ ምን ይላል? ለእኔ አይደለም፤ አንድ የማውቀው ሰው ነው። ቸኩለህ አትመልስ።

ስለ ከብቱ ጠይቀህ ነበር። ከብቱ ደኅና ነው።

እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጥህ።

አጎትህ ጨመዳ ነመራ፣ የከብት ነጋዴ

አዲስ አበባ፣ መስከረም 17 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ኤሱማ፤

አካም ጅርቱ? መልካም አዲስ ዓመት ይሁንልዎ።

ይህን ደብዳቤ ቆመው አያንብቡት፤ ይቀመጡ። ሕጉንም ትቻለሁ። ከመቆጣትዎ በፊት ግን እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ባለፈው ሰኔ አራት ኪሎ ሳይንስ የሚማር ጓደኛዬን ልጠብቅ ቤተ መጻሕፍታቸው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አንዱ አንብቦ የተወው መጽሐፍ ተገልጦ ነበር። ገጹ ላይ የአንዲት ዝንብ ሥዕል አለ። ክንፎቿን እንደ መቀስ ጀርባዋ ላይ አነባብራለች። ኤሱማ፣ አወቅኋታ! ዲዴሳ ዳር፣ ትልቁ ሾላ ሥር፣ ጉራቻን ስትወጋው በጭራ እየመቱ «ይቺ እጇን ወደ ኋላ ያጣመረች እመቤት ከጅብ ትብሳለች» ያሉኝ ዝንብ ናት።

ተቀምጬ አነበብኩ። የእንግሊዝኛው ስም ሌላ ነው፤ ሥራዋ ግን የምናውቀው ነው። ከብት አክስቶ የሚገድለውን በሽታ፣ ገንዲን፣ ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው የምታጋባው እርሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ዝንቧን ለማጥመድ ጥቁር ጨርቅ ይዘረጋሉ ይላል፤ ጨለም ያለ ነገር ስለምትወድ፣ ነጭ ላይ ግን እምብዛም ስለማታርፍ። ወዲያው አቡጀዲው ትዝ አለኝ። አያቴ ነመራ «ዲዴሳ ጥቁር ይወዳል፤ ነጭ አልብሰህ አሻግር» ይሉ እንደነበር ነግረውኛል። ዲዴሳ አይደለም ኤሱማ። ጥቁር የምትወደው ዝንቧ ናት።

ጓደኛዬ መጥቶ ሄደ፤ እኔ ቤተ መጻሕፍቱ ሲዘጋ ነው የወጣሁት። የሥነ ሕይወት ትምህርት፣ በተለይም የነፍሳትን፣ ልማር ወስኛለሁ። ለዚህ ግን እርስዎ ያስፈልጉኛል። ተማሪ ሁለተኛ ጊዜ ትምህርት ሲቀይር መዝገብ ቤቱ የአሳዳጊ የፈቃድ ደብዳቤ ይጠይቃል። እስከ ጥቅምት መጨረሻ የእርስዎ ፊርማ ካልደረሰ ከዩኒቨርሲቲው እሰናበታለሁ።

ሌላም እጠይቃለሁ። አቡጀዲው ስንት ክንድ ነው? የት ላይ ይታሰራል? የለበሱትና ያልለበሱት በሬዎች እኩል ይታመሙ ነበር? ያስታወሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ዋጋሪ

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለዋጋሪ ጃራ፤

ዝንብ!

ልጄ፣ ገበያውን መሐንዲስ አልኩት፤ አመነኝ። ዳኛ አልኩት፤ አመነኝ። አሁን ቅዳሜ ወጥቼ «የእህቴ ልጅ ዝንብ ሊቆጥር ነው» ልበለው? ዝንብ ለመቁጠር አዲስ አበባ መሄድ ምን አስፈለገ? እዚሁ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ብትቆም በነጻ ታጠናቸው ነበር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በአንድ ሥዕል የተገዛ ልብ በሌላ ሥዕል ይሸጣል። ዓመት ሳይሞላህ ደግሞ ስለ ጉንዳን ትጽፍልኛለህ።

ስለ አቡጀዲው ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ። የጨለማ ጊዜ ነገር ነው፤ ትቼዋለሁ። እኔን የአሕዛብ ምሳሌ አድርገህ ለመምህሮችህ እንዳታወራ።

ደብዳቤውን አልፈርምም። ወደ ሕጉ ተመለስ። እናትህ አጠገቤ ቆማ «እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» እያለች ነው፤ ግን የምትለው ሁሉ ለአንተ የሚያደላ ስለሆነ አልጽፍላትም።

ጨመዳ ነመራ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ኤሱማ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ያለ ምርቃት ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። አገላብጬ ጀርባውን ሁሉ ፈለግሁ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና እስካሁን የደበቅሁትን ልናገር። መሐንዲስነቱን አልተውኩትም፤ ተወኝ። ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አቅቶኝ በንድፍ ትምህርት ወደቅሁ። እርስዎ ጠረጴዛ ሲያሠሩልኝ እኔ አልጋዬ ላይ አለቅስ ነበር። በሕጉ አልወደቅሁም፤ ግን ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ስሰማ ሁለቱም እውነት የሚናገሩ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ዳኛ አገር ያጠፋል። ክረምቱን ሁለት ጊዜ እዚህ የቀረሁትም ሥራ ስላገኘሁ ብቻ አልነበረም። ገበያው ዓይን ውስጥ መግባት ፈርቼ ነው።

አሁን መዝገብ ቤቱ ፊርማዎን እየጠበቀ፣ የሥነ ሕይወት መምህሩ ክፍል እንድቀመጥ ፈቅደውልኛል። ባለፈው ሳምንት በአልኮል የተቀመጡ ነፍሳት እንድለይ ሰጡኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጬ ምሳ መብላት ረሳሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ከክፍሉ ስወጣ እንደ እርስዎ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ቀነ ገደቡን ለምኜ እስከ ኅዳር ሃያ አስረዝሜዋለሁ። ካልፈረሙ ነቀምቴ ተመልሼ አብሬዎት በሬ እነዳለሁ፤ አላፍርበትም። አንድ ጥያቄ ግን አሁንም አለኝ፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት። አቡጀዲውን ለምን ተዉት?

ዋጋሪ

ነቀምቴ፣ ኅዳር 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለልጄ ለዋጋሪ ጃራ፤

ነጋ ኬቲ? እናትህ ሰላም ብላሃለች። ዛሬ የምትለውን ሁሉ እጽፍላታለሁ ብያት ብዙ አላት፤ መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ስለ አቡጀዲው የሳቀብኝ ብዙ ነው። የገሠጸኝም አለ። «ለምን?» ብሎ የጠየቀኝ ግን ከአንተ ሌላ ሰው የለም። እኔ ራሴም አባቴን አልጠየቅሁትም ነበር። እንግዲህ ስማ።

በ1957 ፋሲካ ካለፈ በኋላ የማኅበራችን ሽማግሌ አቶ ጉሉማ ከጸሎት ስንወጣ ሰው ፊት አስቆሙኝ። «አንተ ለወንዝ መንፈስ በሬ እያለበስክ እንዴት ከእኛ ጋር ትዘምራለህ?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለነፍሴ ፈርተው ነው። ምን ልበላቸው? «አባቴ ዲዴሳ ጥቁር ይወዳል ይል ነበር» ብል ነገሩን አብሼ ማረፌ ነው። የዚያን ዕለት ማታ አቡጀዲዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ለእናትህ ሰጠኋት፤ የትራስ ልብስ አደረገቻቸው። አንተን የጠየቅሁህ የሕግ ጥያቄ የማን እንደሆነ አሁን ገብቶሃል።

በተከተለው መስከረም ጉራቻን ራቁቱን አሻገርኩት። ወር ሳይሞላ ዓይኑ ማልቀስ፣ ፀጉሩ መቆም ጀመረ። እየበላ ከሳ። ለሁለተኛ ጉዞ ስንወጣ አርጆ ዳገት ላይ ተኛና አልተነሳም። ራሱን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ እንደ ሰው አለቀስኩለት። «ከብቱ ደኅና ነው» ብዬ የጻፍኩልህ በዚያው ሳምንት ነበር። ከእሱ በኋላ አሥር በሬ አጣሁ። አብዛኞቹ ጥቁርና ዳማ ነበሩ፤ ይህንንም ልብ ያልኩት ዛሬ ስጽፍልህ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን እግዚአብሔር ፈተነኝ እላለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ወንዙ ድርሻውን ወሰደ እላለሁ። ሁለቱም ያስፈሩኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ግን በበሬዎቼ ገባች።

አንተ ያልከው እውነት ከሆነ አባቴ ነመራ ጣዖት አምላኪ አልነበረም ማለት ነው። የሚያይ ዓይን የነበረው ሰው ነው። ያየውን የሚገልጽበት ቃል ስላጣ በወንዙ አሳበበ። ልጄ፣ ይህን ካወቅሁ በኋላ ደረቴ ላይ የነበረ ድንጋይ ተነሳ። ለሁለት ዓመት በአባቴ አፍሬ ነበርና ይቅርታ ጠየቅሁት።

ለጥያቄዎችህ፦ ለአንድ በሬ ስምንት ክንድ ይበቃል። ከሻኛው እስከ ዳሌው ይዘረጋል። በለስላሳ ገመድ ሆዱ ሥር ይታሰራል፤ ጭራው ነጻ ይሁን፣ የራሱን ሥራ ይሠራል። እንደ ቆሸሸ ይታጠባል፤ አባቴ «የደፈረሰ ነጭ ነጭ አይደለም» ይል ነበር። ዝንቧ መስከረምና ጥቅምት ከሾላው ጥላ አትታጣም። ዳልቻና ነጭ በሬ ሳይለብስም ብዙ ጊዜ ደኅና ይገባል። ለብሰው ከተሻገሩት የሚታመም አልጠፋም፤ ግን ጥቂት ነበር።

የፈቃድ ደብዳቤው ከዚህ ጋር አለ። በጠረጴዛህ ላይ ነው የፈረምኩት። ኤሱማህ መርቆሃል፤ ያገኘኸው ይጽናልህ፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንህ እንደ አያትህ ይሁን። ቅዳሜም ለገበያው እነግረዋለሁ፤ ቢስቅ ይሳቅ።

እናትህ እንዲህ ትላለች፦ ምሳህን ብላ። ምሳህን ብላ። ወንድሜን ያስለቀስከው አንተ ነህ፤ ደግ አደረግህ። ምሳህን ብላ።

አጎትህ ጨመዳ ነመራ፣ የከብት ነጋዴ

አርጆ፣ ኅዳር 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ኤሱማ፤

አካም ጅርቱ? ጎረቤት ሆኛለሁ! የአገልግሎት ዓመቴን በገጠር እንዳስተምር ሲመድቡኝ፣ ለምኜ እዚህ አርጆ ትምህርት ቤት ተላክሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይንስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ግን ወደ ዲዴሳ እወርዳለሁ።

መምህሬ «የሰማኸውን አትጻፍ፤ የቆጠርከውን ጻፍ» ብለውኛል። ሁለት የእንጨት ፍሬም ሠርቼ አንዱን ጥቁር፣ አንዱን ነጭ ጨርቅ አልብሼ መልካው ዳር አቆማለሁ። በየአንዳንዱ ላይ የምታርፈውን መቁጠርና በመረብ መያዝ ያስፈልጋል። ብቻዬን ሁለቱን ማየት አልቻልኩም። በዚያ መልካ ሠላሳ ዓመት የቆመ ሰው አውቃለሁ። ዝንቧ ከየት በኩል እንደምትመጣ ሳይነገረው ያውቃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጡልኛል?

ዋጋሪ

ነቀምቴ፣ ጥር 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህር ዋጋሪ ጃራ፤

በደኅና ገብቻለሁ። እግሬ ብቻ አብጧል።

አምስት ቅዳሜ አብሬህ ተቀመጥኩ። የመረብህን እጀታ ይዤ እንደ ሕፃን ስዘል ያየኝ መንገደኛ ሁሉ ጨመዳ አበደ ብሎ አገር አዳርሷል። ግድ የለኝም። ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ጥቁሩ ላይ መቶ አርባ ሁለት፣ ነጩ ላይ አሥራ ስምንት። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠች ሴት ነገርኳት፤ ቦታ ቀየረች።

አንድ ነገር በፊትህ ልል ፈልጌ ያቃተኝ አለ። ድሮ መንጋ ስንነዳ መንገዱን የማሳይህ እኔ ነበርኩ። በዚያ መልካ ላይ «ኤሱማ፣ ዝም ብለው ይቁሙ፤ ጥላዎ ይረብሻታል» ስትለኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። በልጅ መታዘዝ እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። የአቡጀዲውን ነገር ከነቁጥሩ ተናገርኩ። «ይህ መድኃኒት አይደለም፤ ልጁም አይደለም ይላል። የታመመውን ሐኪም ይየው። ግን ለመንፈስ የሚቀርብ ነገርም አይደለም» አልኩ። አቶ ጉሉማ ተነሡ። «ሳልጠይቅ ፈርጃለሁ፤ ሰው ፊት ገሥጬሃለሁና ሰው ፊት ይቅር በለኝ» አሉኝ። ተቃቀፍን። በማግሥቱ የቤቴን በር አንኳኩተው፣ ለአንዲት ጥቁር ላም ስንት ክንድ ያስፈልጋል ብለው ጠየቁኝ። ስምንት አልኳቸው። እናትህ ትራሶቹን እየፈታች ነው።

ድልድይ ጠይቄህ ነበር፤ ትቼዋለሁ። የሕግ ምክር ጠይቄህ ነበር፤ ደርሶኛል። አሁን የምለምንህ አንዲት ዝንብ ነው። ከያዝናቸው አንዷን በመርፌ ወግተህ ላክልኝ። ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ለሰው ሁሉ ጉራቻን የገደለችው ይቺ ናት ብዬ አሳያለሁ።

አጎትህ ጨመዳ ነመራ፣ የከብት ነጋዴ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ኤሱማ፤

ተመረቅሁ። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ጓደኞቼ በአምስት ዓመት ወጥተዋል። ስሜ ሲጠራ ከኋላ አንዱ «ባለ ዝንቡ!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ሰጥታኝ የነበረውን የአቡጀዲ ቁራጭ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር።

ሥራም አግኝቻለሁ። የገንዲን ነገር የሚያጠኑ የእንስሳት ሐኪሞች ረዳት ሆኜ ከመስከረም ጀምሮ በደሌ እመደባለሁ። ዲዴሳን በየወሩ እሻገራለሁ።

የለመኑኝን ይዤ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ፤ መዘግየቴን እንዳይቀየሙኝ። አደራውን ለጨርቅ ነጋዴው ለአቶ መሸሻ ሰጥቻለሁ፤ ወደ ነቀምቴ ሲመለሱ በክብሪት ሣጥን ውስጥ ያመጡልዎታል። ሲከፍቱ ይጠንቀቁ፤ ክንፏ ይሰበራል። መርፌው ሥር አንዲት ትንሽ ወረቀት አለች። በዓለም ላይ ለጥናት የተቀመጠ ነፍሳት ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት አለው። የተያዘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው ስም ይጻፍበታል። የዚያን ቅዳሜ እኔ ቆጣሪ ነበርኩ፤ መረቡ በእርስዎ እጅ ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

«ዲዴሳ መልካ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1961። ሰብሳቢ፦ ጨመዳ ነመራ።»

ኤሱማ፣ ይህች አንዷ ናት። የቀሩት ስድሳ ሦስቱ አራት ኪሎ በመስተዋት ሣጥን ተደርድረዋል። በሁሉም ሥር ስምዎ አለ። እኔ ካለፍኩ በኋላ የሚመጣ ተማሪ መሳቢያውን ሲስብ ያነበዋል።

ልጅዎ ዋጋሪ

ነቀምቴ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለምኮራብህ ለእህቴ ልጅ ለዋጋሪ ጃራ፤

አካም ጅርታ? ደኅና ነን፤ ከደኅናም በላይ ነን።

መሸሻ ሣጥኗን አመጣልኝ። የትምህርት ቤቱ መምህር ወረቀቷን በማጉያ መስተዋት አነበበልኝ። እንደገና አንብብ አልኩት። ስሜ የቱ ጋ እንደሆነ በስንጥር አሳየኝ። የአባቴ የነመራ ስምም እዚያው አለ፤ እሱንም እንደገና አሳየኝ አልኩት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉሃል፤ አንተም በደጃችን የነበረውን ልትፈልግ ስንት ኪሎ ዞርክ! ግን ዞረህ ባትመጣ እኔም አላየውም ነበር። እንኳን ዞርክ፣ እንኳን ወደቅህ።

ጠረጴዛህ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ዝንቧ መሃሉ ላይ ናት። ሰው ተሰልፎ ያያል፤ አቶ ጉሉማ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ቅዳሜ ገበያ አንዱ ቀልደኛ «ጨመዳ፣ የእህትህ ልጅ በመጨረሻ ምን ሆነ?» ብሎ ጮኸብኝ። ድሮ መልስ አዘጋጅቼ እሄድ ነበር። ዘንድሮ ክንዱን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኩት፤ ሣጥኗን ከፍቼ አሳየሁት። እንግሊዝኛ አያነብም። «ምን ይላል?» አለኝ። ነገርኩት። ባርኔጣውን አወለቀ።

በመስከረም ስትመጣ መልካው ላይ እጠብቅሃለሁ። አዲስ ጥቁር ወይፈን ገዝቻለሁ፤ ስሙን ጉራቻ ብዬዋለሁ። ልብሱ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

እግዚአብሔር ይባርክህ፤ እኔን እንዳኮራኸኝ ልጅህ ያኩራህ።

ጨመዳ ነመራ፣
የከብት ነጋዴና ዝንብ ሰብሳቢ፣
ነቀምቴ